በበዓል የሠራች ሶላር

በልጅነቴ በመንደራችን በዓል በማስከበር ከአያ አለበል ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ነው የሾምኩት። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም እያልኩ በጣቴ እቆጥራለሁ። በበዓል ቀን መጥረቢያ ያነሳ ወይም ልብስ ያጠበ ሰው ካየሁ፣ ሮጬ ለአያ አለበል እነግራለሁ። “የትነበርሽ ትባረክ” ይለኝና ከኪሱ ሽምብራ ይዘግንልኛል። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዘመን ከአያ አለበል በቀር የሚወደኝ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መንደራችን ከትክል ድንጋይ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ አንድ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል፣ በረዶ ከወረደ ገብሱም ጤፉም ከአፈር ይደባለቃል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ደመቀ የሚባል ጎረቤታችን በሚካኤል ዕለት አጥር ሲያጥር ተገኘና በሳምንቱ በረዶ ወረደ። ሽማግሎች ተሰብስበው አንድ ጋን ጠላ ቀጡት። በረዶው የወረደው ከወንዝ ማዶ፣ በሌላ ቀበሌ ነበር። ደመቀ ይህንን ቢያነሳ፣ “ለእኛ የታዘዘውን ነው እነሱ የተቀበሉልን” ተባለና ጠላው ተጠጣ።

አባየ ሶላር ያመጣው እንግዲህ እዚህ መንደር ነው። ሁለት ሙክት ሸጦ ከጎንደር ከተማ ተሸክሟት መጣ። ከሰፌድ የማትበልጥ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ናት። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አጋድሞ በሽቦ አሰራት፤ ገመዷን ደግሞ በመስኮት አስገብቶ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር አገናኛት። ከሳጥኗ ስልክ የሚሞላ ገመድ ይወጣል። ሳምንት ሳይሞላ የሦስት ጎጥ ሰው ስልኩን ይዞ ደጃችን ተሰለፈ። ስልኩ ሁሉ ጥቁር፣ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር እማየ እንዳይምታታባት ክር አሰረችባቸው። የአያ አለበል ቀይ ክር፣ የቄስ ገብረ ኢየሱስ ነጭ፣ የራሷ አረንጓዴ።

የመጀመሪያው ሚካኤል ደረሰ። አያ አለበል ከዘራውን ይዞ ግቢያችን ገባና ወደ ቆርቆሮው አንጋጠጠ።

“ላቀው፣ ይህች ነገር ዛሬ ምን እየሠራች ነው?”

“ምን ትሠራለች አያ፣ ተጋድማ ነው” አለ አባየ።

“ተጋድማ ከሆነ ይህን ሁሉ ስልክ ማን ሞላው?”

 ቄስ ገብረ ኢየሱስ ተጠሩ። እሳቸውም ቆርቆሮውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ጢማቸውን ደባበሱና “ያሠርቅ ፀሐየ ላዕለ ኄራን ወእኩያን ይላል መጽሐፉ። ፀሐዩን ለደጉም ለክፉውም ያወጣል። በሰንበትም ቢሆን ፀሐይ መውጣቷን አልተወችም፤ ምን በዓል ተሻረ ይባላል?” አሉ።

“አባ፣ ፀሐይ መውጣቷማ የእግዜር ሥራ ነው” አለ አያ አለበል። “ወጥመድ ዘርግቶ መያዝ ግን የሰው ነው። ቆቋ በበዓል ብትበርም እኛ ወጥመድ አንዘረጋም።”

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ ከመጽሐፍ ምስጢር እያወጡ መስሎኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ። ካደግሁ በኋላ ስጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ እሺ ባልለው እስከ ምሽት አይለቀኝም፤ ርቦኝ ነበር” አሉኝ። እናም ተፈረደ፤ ሶላሯ በበዓል በጋቢ ትሸፈን።

መሸፈኑን ያለ ከልካይ እኔ ወሰድኩት። በበዓል ጎሕ ሲቀድ በመሰላል ወጥቼ የአባየን አሮጌ ጋቢ አለብሳታለሁ። ከልቤ ነበር የማዝንላት። ሌላው ሰው በበዓል እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ እሷ ብቻ የሦስት ጎጥ ስልክ ስትጎትት መዋሏ ግፍ ይመስለኛል። “በይ ዕረፊ” እላትና ዳር ዳሩን በድንጋይ እጭናለሁ።

እዚህ ላይ ያኔ የማላውቀውን ነገር ላስገባ። ታላቅ ወንድሜ ምንይችል ዋልድባ ገብቶ መንኗል ነበር የተባልኩት። በቤታችን ስሙ አይጠራም። እናቴን “ምነው ስሙን የማንጠራው?” ብላት “የመናኝ ስም አይጠራም” አለችኝ። አምኜ ነበር፤ እንዲያውም ለጓደኞቼ “መናኝ ወንድም አለኝ” እያልኩ ብዙ ኮርቻለሁ።

እውነቱ ግን ምንይችል የስለት ልጅ ነበር። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ስለሞቱ አባየ “ይህን ካሳደግሽልኝ ለቤትሽ አገልጋይ ይሁን” ብሎ ለእመቤታችን ተስሏል። ስለዚህም ቅኔ እንዲማር ጎንደር፣ ቁስቋም ላከው። ምንይችል ሁለት ዓመት ተማረና ትምህርቱን ትቶ ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ገባ። አባየ ይህን ከገበያ ሰው ሰማ። ስለት አስበላኝ ብሎ በጣም ተቃጠለ፤ “ከእንግዲህ ስሙ በዚህ ቤት አይነሳ” ብሎ ማለ። እማየ “እሺ” አለችና ስልክ መጠቀም ተማረች።

እማየ ቁጥር አታነብም፤ ግን የታችኛውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ስትጫን የሚመጣው ስም የልጇ እንደሆነ ታውቃለች። የምትደውለው በበዓል ቀን ብቻ ነው። በበዓል አባየ ቅዳሴ ሄዶ፣ ከዚያ ማኅበር ገብቶ ይውላል፤ የምንይችልም ጌታ ሱቁን ይዘጋል። ችግሩ ስልኳ ያረጀች ነበረች፤ ባትሪዋ አብጣ የሞሉትን አታሳድርም። የሶላሯም ሳጥን ከክረምቱ ወዲህ ማጠራቀም ስለተወች ፀሐይ ሲያርፍባት ብቻ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ እማየ ልጇን የምታገኘው፣ እኔ ጋቢ በማለብስበት ቀን ጋቢውን ገልጣ ነበር።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት፣ መስከረም ሃያ አንድ፣ ማርያም ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ስለነበር የመንደሩ ስልክ ሁሉ ሞቶ በየክሩ እኛ ቤት ተኮልኩሏል። የዚያን ዕለት ሰማዩ ጠራ። ጎሕ ሲቀድ ሸፈንኳት። ከቅዳሴ ከእማየ ጋር ስንመለስ አባየ ማኅበር ቀረ። ቁርሴን በልቼ ብወጣ ጋቢው መሬት ወድቋል። ነፋስ ነው ብዬ መልሼ ሸፈንኩና ድንጋይ ጨመርኩበት። ከቀትር በኋላ ብመጣ ጋቢው ተጣጥፎ መሰላሉ ሥር ተቀምጧል። ነፋስ ጋቢ አያጣጥፍም! እንደገና ሸፈንኩና ከገለባው ክምር ኋላ ተደበቅሁ።

እማየ ወጣች። ግራ ቀኝ አየች፣ ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ወጣች፣ በገዛ እጇ ገለጠችው።  የገዛ እናቴ በእመቤታችን ቀን በዓል ስትሽር አየኋት። ገብሳችን ደርሷል፤ በረዶው ሲወርድበት ታየኝ። እማየ ማድ ቤት ስትገባ ጠብቄ ለአራተኛ ጊዜ ሸፈንኩት። እናቴን ከኩነኔ፣ መንደሩን ከረሃብ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከማድ ቤቱ ኋላ አንዲት ድንጋይ አለች። እሷ ላይ የቆመ ኔትወርክ ያገኛል፣ የወረደ ያጣል። እማየ ስልኳን ነቅላ ድንጋይዋ ላይ ቆመች። ገለባው ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

“በልተሃል?... ልብስስ?... ምን አልከኝ? ነገ?... መተማን ተሻግሮ የተመለሰ ማን አለ? እስቲ ስም ጥራልኝ! ... ተው፣ አትሂድብኝ። ስልክህን ለምን ትሸጣለህ? ቆይ፣ እስቲ ስማኝ... ሃሎ? ሃሎ?”

ሰሊጥ ነጋዴ መሰለኝ። መተማ ሲባል የማውቀው ሰሊጥ ብቻ ነው።

ስልኳ ሞታለች። እማየ ወደ ማድ ቤቱ ሮጠች፣ ቆርቆሮውን ስታይ ሶላሯ ጋቢ ለብሳለች። ዞር ስትል እኔን ገለባ በፀጉሬ ተሸክሜ ቆሜ አየችኝ። ዱላ ጠበቅሁ። እማየ ግን መሬት ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ንስሐ ገባች ብዬ ደስ አለኝ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል። ልጇ ነገ ጎሕ ሲቀድ ከደላሎች ጋር ወደ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን እንደሚሻገር፣ ስልኩንም ዛሬ ምሽት ለስንቅ እንደሚሸጠው ነግሯት መስመሩ ተቆርጦ እኮ ነው የምታለቅሰው። እኔ ጎኗ ተቀምጬ “አይዞሽ እማየ፣ እመቤታችን መሐሪ ናት” እያልኩ ጀርባዋን መታ መታ አደርጋለሁ።

ተነስታ ጋቢውን ገለጠችው፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከግቢያችን በስተምዕራብ ያለው ጋራ ፀሐዩን ቀድሞ ይውጣል። ሶላሯ ጥላ ውስጥ ገብታለች።

አባየ ከማኅበር በጠላ ሞቅ ብሎ፣ ደስ ብሎት መጣ። ከደጅ ተቀበልኩትና አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እማየ በዓል እንደሻረች፣ አራት ጊዜ እንደሸፈንኩ፣ ከሰሊጥ ነጋዴ ጋር እንዳወራች። አባየ ሳቁን አቆመና ወደ እማየ ዞረ።

“ዓይናዲስ፣ ማነው?”

“ምንይችል ነው” አለች እማየ። ቀጥ ብላ ነው ያየችው። “ነገ ሱዳን ይሻገራል። ዛሬ ካላገኘሁት አላገኘውም። እንግዲህ ከፈለግህ ግደለኝ።”

መናኝ ወንድሜ ሱዳን ወርዶ ሊሰብክ ነው ብዬ አሰብኩና የበለጠ ኮራሁ። አባየ ግን ማድ ቤቱን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ጠላው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ መሰላሉን ወጣ፣ ሽቦውን በጉጠት በጠሰ፣ ሶላሯን አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ። ሳጥኗን ለእኔ፣ ስልኳን ለእማየ ሰጠና ፀሐይ ወዳልለቀቀው ጉብታ መንገድ ጀመረ።

መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ነው የሚያልፈው። ማኅበርተኛው ገና አልተበተነም። አያ አለበል አየና ከዘራውን አነሳ።

“ላቀው! ምነው! ምነው በእመቤታችን ቀን!”

“ነገ ቅጡኝ አያ። ዛሬ ልለፍ” አለ አባየ። ፍጥነቱንም አልቀነሰም።

እኔ ሳጥኗን አቅፌ ከኋላው እየሮጥኩ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። በእኛ አገር በዳይ የበደለውን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተበዳዩ “ምሬሃለሁ፣ አውርድ” እስኪለው ድረስ አጎንብሶ ይቆማል። አባየ የእማየን ኃጢአት እሱ ተሸክሞ ለእመቤታችን ይቅርታ እየጠየቀ ነው አልኩ። ሶላሯን እንደ ድንጋዩ መሸከሙ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳየው፣ በዚያ ቀን ከተሳሳትኩት ሁሉ ወደ እውነት የተጠጋሁት እዚህ ላይ ነበር፤ የተበዳዩን ስም ብቻ ነው የሳትኩት።

ጉብታው ላይ ፀሐይ አለ፣ ኔትወርክም አለ። አባየ ሶላሯን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቁሞ ወደ ምዕራብ ዞረ። እማየ ስልኳን ሰካች። እንግዲህ መጠበቅ ነው። ፀሐዩ ዝቅ ባለ ቁጥር አባየም ዝቅ ይላል፣ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር እሱም ይዞራል። ክንዱ ዛለ።

“አምጣ፣ እኔ ልያዝ” አለችው እማየ።

“ተይው።”

አያ አለበል እያለከለከ ጉብታውን ወጥቶ ደረሰ። ከኋላው ቄስ ገብረ ኢየሱስ አሉ። ሮጬ እጁን ያዝኩና “አያ፣ አትቆጣው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው እኮ” አልኩት። አያ አለበል አየኝ፣ አባየን አየ፣ ከዚያ እማየን “ለማን ነው?” አላት።

“ለምንይችል ነው አያ። ሊሻገር ነው።”

አያ አለበል ከዘራውን መሬት ተከለ። የራሱ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ሄዶ እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም፤ ያንን ግን እኔ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሲቆጣ የምንሰማውን ድምፅ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ አባየ ጠጋ ብሎ፣ “ወደ ግራ ዘንበል አድርጋት እንጂ ላቀው፣ ጥላህ ወድቆባታል” አለ።

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። የእኔም በዓል አስከባሪነት እዚያው ላይ አበቃ።

ፀሐዩ ጋራውን ሊነካ ሲል ስልኳ በራች። እማየ ሦስት ጊዜ ተጫነች፣ ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ መጥራቱን ስትሰማ ለአባየ ዘረጋችለት። አባየ ሶላሯን መሬት አስቀመጠና ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ምንይችል” አለ።

እኔ ሳጥኗን ይዤ ከክንዱ ሥር ነበርኩ። የስልኳ መብራት ድርግም ሲል አየሁ። ጨለመች። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይንን መስበር ነውና፣ ስልኳም አባየን አክብራ ዓይኗን የሰበረች መሰለኝ። እማየም አይታለች። ቀሚሷን ስጎትት በእጇ አፌን ያዘችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

አባየ ግን አላየም፤ ስልኳ ጆሮው ላይ ናት። ዓይኑ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ነው።

“እኔ ነኝ፣ አባትህ። አታቋርጠኝ፣ ካቋረጥከኝ ይጠፋብኛል። ስለቱ የእኔ ነበር። የተሳልኩት እኔ፣ ዕዳውን የጫንኩት በአንተ። ያንን ከእመቤታችን ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ አንተን አትጠይቅህም። ስልክ መጠገን ከወደድህ ጠግን። እጅህ ንጹህ ይሁን እንጂ ሥራ አያስነውርም። ሁለት ዓመት ስምህን ያልጠራሁት ጠልቼህ አይደለም፤ ብጠራው ማልቀሴ አይቀርም ብዬ ነው። ገብሱ ደርሷል፣ አጫጅ የለኝም። ና። ካልመጣህም ግድ የለም፣ ብቻ አትሻገር። ለእናትህ ብለህ አይደለም፤ እኔው ነኝ የምለምንህ።”

ብዙ ተናገረ። አያ አለበል ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ። አባየ ሲጨርስ ስልኳን ለእማየ መለሰላት።

“አንድም ቃል አላቋረጠኝም” አለ። “ጨዋ ልጅ ነው። ሰምቶኛል፣ አይደል?”

“ሰምቶሃል” አለች እማየ።

በማግሥቱ ሙሉ ቀን ፀሐይ ነበር። እማየ ስልኳን ሞልታ ብትደውል ብትደውል፣ “የደወሉላቸው ደንበኛ” ከማለት በቀር ምላሽ የለም። ያን ቀን እማየ እህል አልቀመሰችም። አባየ ግን ማጭድ ሲስል ዋለ፤ ሁለት ማጭድ።

በጊዮርጊስ ማግሥት ከቀትር በኋላ ምንይችል ቦርሳውን አንግቶ በአፋፉ መንገድ መጣ። እማየ እልል እያለች ሮጠች። አባየ ካለበት አልተነሳም፤ ሁለተኛውን ማጭድ አነሳና “በል፣ የታችኛው ማሳ ይቀድማል” አለው። ምንይችል ቦርሳውን አስቀምጦ ማጭዱን ተቀበለ። እኔ መናኝ ወንድሜ ጂንስ መልበሱን አይቼ እጅግ አዘንኩ።

አባየ ቅጣቱን ከፈለ። አንድ ጋን ጠላ ተጠመቀ፣ መጀመሪያውን ዋንጫ አያ አለበል ጠጣ። በረዶም አልወረደም። “ቅጣቱ ባይከፈል ኖሮ ታያላችሁ” አለ አያ አለበል፣ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ እያስቀዳ።

ዛሬ ምንይችል ጎንደር ላይ የራሱ ሱቅ አለው፤ ስልክም ሶላርም ይጠግናል። እኔም እዚያው ከተማ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ቁጭ ብለን፣ ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅሁት።

“ያኔ አባየ በስልክ ካለህ ሁሉ፣ የመለሰህ የቱ ነው?”

“ምን አለኝ?” አለ፣ ከሚፈታታው ስልክ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

“ያ ሁሉ ንግግር ነዋ። ስለ ስለቱ፣ ስለ ሥራው...”

ካቻቪቴውን አስቀመጠና አየኝ። “የትነበርሽ፣ እኔ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። ‘ምንይችል’ አለ፣ ጠፋ። ሃሎ ብል፣ ሃሎ ብል የለም። ስልኬን ሸጬ ገዢው ሊወስደው ደጅ ቆሞ ነበር። ሰጠሁትና ባገኘሁት ብር መተማ የሚሄደውን መኪና ትቼ የትክል ድንጋዩን ሁለት ቀን ጠብቄ ተሳፈርኩ።”

“በስም ብቻ?”

“በእሱ አፍ እኮ ነው የተጠራሁት” አለኝ።

አባየ ይህን አያውቅም። አሁን አርጅቷል፤ ለበዓል ስንሰበሰብ ምንይችልን አጠገቡ ያስቀምጥና፣ ሁላችንም እየሰማን ጣቱን ቀስሮ “ያኔ በስልክ የነገርኩህን አትርሳ!” ይለዋል። እማየ ጠላ ለመቅዳት ትነሳለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

“እንዴት እረሳለሁ አባየ” ይለዋል ወንድሜ፤ “እያንዳንዷን ቃል።”